አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጥቅ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከቡድናችን ሦስታችን በአንድ የ7ኛ ክፍል ውስጥ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ስናስተምር፣ ትምህርቱ ከአገር ጉዳይ ጋር ቢያያዝ ይበልጥ ይገባል በማለት ስለ ሁለተኛይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት አነሳን። ሳተላይቷ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ መምጠቋን፣ የተሸከማትም ሮኬት ከዚያ ዕለት በፊት አንድም ጊዜ በርሮ የማያውቅ አዲስ እንደነበር ነገርናቸው። ይህን ያልነው እንዲደነቁ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ያልተገራ ግመል ላይ ሰው ዕቃውን ይጭናል እንዴ?» ሲል ጠየቀን።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛም ሳቅን፤ መልስ ግን አልነበረንም። ደግነቱ ደወሉ ተደወለና ተገላገልን።

ማታ ስንሰባሰብ ነገሩ ክርክር አስነሳ። ግማሾቻችን «ልጁ እውነቱን ነው፤ ድኻ አገር በስንት ድካም ያገኘችውን ዕቃ ባልተሞከረ ሮኬት ላይ መጫን አልነበረባትም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «የሚያውቁ ሰዎች የወሰኑት ነው፣ እኛ ምን አገባን» አልን። ይህ ሁለተኛው መልስ ለአስተማሪ የሚሆን አይደለም። ነገ ወደ ገዋኔም ሆነ ወደ ዱብቲ ብንመደብ ይኸው ጥያቄ ተከትሎን መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ያገኘነውን ሰብስበን፣ ስሌቱንም ራሳችን ሠርተን፣ ለሠልጣኞችና ለመምህራን በዚህ ግድግዳ ላይ አቅርበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው

አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ስሟ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ይባላል። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በቻይና ከሚገኘው ከታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ «ሎንግ ማርች 4ቢ» በተባለ ሮኬት ተጭና ሄደች። ይህ ሮኬት ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመላለስ የኖረ፣ ጠባዩ የታወቀ ነው። ያን ዕለት ማለዳ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስበው መምጠቋን በቀጥታ ሥርጭት ተከታትለዋል። በወቅቱ እንደተዘገበው ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት።

ሁለተኛይቱ ኢ.ቲ. ስማርት አር.ኤስ.ኤስ. ትባላለች። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከአንድ የቻይና ኩባንያ ጋር ተባብሮ ያሠራት ናት። ክብደቷ 8.9 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ ሊወስዳት ይችላል ማለት ነው። የመጠቀችው ሃይናን በተባለችው ደሴት ላይ ካለው ከዌንቻንግ ጣቢያ ነው። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ማክሰኞ ዕለት ነበር። ተማሪ በሰልፍ ቆሞ ባንዲራ በሚሰቀልበት ሰዓት መሆኑ ነው።

የተሸከማት «ሎንግ ማርች 8» የተባለው ሮኬት ነው፤ ስሙ በአማርኛ ረጅሙ ጉዞ እንደ ማለት ነው። ያ ጠዋት የሮኬቱ የመጀመሪያ በረራ ነበር። ቁመቱ 50.3 ሜትር፣ ሲነሣ ክብደቱ 356 ቶን ነው። አምስት ሳተላይቶች ጭኖ ነበር፤ ዋናዋ የቻይና የሙከራ ሳተላይት ስትሆን የእኛዋ ከትናንሾቹ መካከል አንዷ ናት። በረራው ተሳክቶ አምስቱም ምሕዋራቸው ላይ ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። 356 ቶን ማለት 356,000 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ለ8.9 ስናካፍለው 40,000 ይሆናል። ሮኬቱ የእኛዋን ሳተላይት 40 ሺህ እጥፍ ይመዝን ነበር! ታዲያ ይህ ሁሉ ክብደት ምንድን ነው? ወደዚያ እንመጣለን።

ሮኬት ምን ላይ ተደግፎ ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ለተማሪ ከማቅረባችን በፊት ለራሳችን አቀረብነው። እውነቱን ለመናገር ከቡድናችን ሁለቱ «ጭሱ አየሩን ይገፋል፣ አየሩም ሮኬቱን መልሶ ይገፋዋል» ብለው ነበር። ስህተት ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አየር ከሌለበት ሕዋ ሲደርስ ሮኬቱ ሥራ ይፈታ ነበር። የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አየር በሌለበት ቦታ ሞተሩ የተሻለ ይገፋል።

ሮኬቱን የሚገፋው ራሱ የሚወረውረው ነገር ነው። የውሃ ቦቴ መጥቶ በርሜል ሲሞላ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ቱቦው ባዶ ሳለ ዝም ብሎ መሬት ላይ ይተኛል። ውሃው በኃይል ሲለቀቅ ግን ይፈራገጣል፤ በደንብ ካልያዙት ከእጅ አምልጦ እንደ እባብ ይወራጫል። ውሃው ወደ ፊት ሲወረወር ቱቦውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሮኬት ደግሞ በውሃው ቦታ የጋለ ጋዝ አለ፤ የሚወጣውም በሴኮንድ በሺህ ሜትሮች በሚቆጠር ፍጥነት ነው። ለእኛ ክፍል ይህ የቦቴ ምሳሌ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ሠርቶልናል። ሁሉም አይቶታል፤ አንዳንዱም ተረጭቶበታል።

ሎንግ ማርች 8 ሲነሣ አራት ሞተሮች አብረው ይነድዳሉ፤ ሁለቱ በመካከለኛው አካል፣ አንድ አንድ ደግሞ በግራና በቀኝ በተለጠፉት ረዳት ሮኬቶች ላይ። እያንዳንዱ 120 ቶን ያህል ስለሚገፋ በድምሩ 480 ቶን ያህል ይሆናል። ክብደቱ 356 ቶን ነው ብለናል። ልዩነቱ 124 ቶን ነው። ይህን ለ356 አካፍለን በመሬት ስበት፣ ማለትም በ9.8 ብናባዛው 3.4 እናገኛለን። ስለዚህ ሮኬቱ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች በየሴኮንዱ በ3.4 ሜትር በሴኮንድ ብቻ እየፈጠነ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሴኮንድ ከፍ የሚለው 1.7 ሜትር ነው፤ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ፊልሙን ያያችሁ ሮኬቱ መጀመሪያ ላይ የከበደው መስሎ ቀስ ብሎ መነሣቱን አስተውላችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይኸው ነው። እየቆየ ግን ነዳጁ እየተቃጠለ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ግን እንዳለ ስለሆነ ፍጥነቱ እየባሰበት ይሄዳል።

ነጭ ጋዝና ብርድ

የታችኛው ክፍል ነዳጅ ኬሮሲን ነው፤ ማለትም በፋኖስ የምናውቀው የነጭ ጋዝ ዘመድ፣ በይበልጥ የተጣራው። ይህን ስንናገር ተማሪዎቹ አላመኑንም ነበር። ነገር ግን ነጭ ጋዝ ብቻውን አይነድም። ፋኖስ ላይ ቆርቆሮ ደፍታችሁ አየር ብታሳጡት ይጠፋል። ሮኬት አየር ወደሌለበት የሚሄድ ስለሆነ ኦክሲጅኑንም ራሱ ይዞ መሄድ አለበት። ኦክሲጅን በጋዝነቱ ቦታ ስለሚፈጅ አቀዝቅዘው ፈሳሽ ያደርጉታል፤ ይህም ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ነው። የላይኛው ክፍል ደግሞ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ይጠቀማል፤ እሱ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ሰመራ በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ተቀምጠን ይህን ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ አንዲት ተማሪ «እባካችሁ ትንሽ ወደዚህ አምጡልን» ብላለች።

እንግዲህ ከዚያ 40 ሺህ እጥፍ ክብደት አብዛኛው ነዳጅና ኦክሲጅን ነው ማለት ነው። ሮኬቱ 700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ምሕዋር ማድረስ የሚችለው 4.5 ቶን ብቻ ነው። ከሚነሣው ክብደት በመቶ 1.3 አይሞላም። ከበረሃው ጨው ጭኖ ወደ በራሕሌ የሚጓዝን ግመል ብንወስድ፣ ጭነቱ ሁሉ የራሱ ቀለብና ውሃ ሆኖ፣ ገበያ የሚያደርሰው አንዲት አሞሌ ብቻ ቢሆን እንደ ማለት ነው። ነጋዴ ይህን ግመል ያርደዋል። ነገር ግን ወደ ሕዋ ከዚህ የተሻለ ግመል እስካሁን አልተገኘም። ባዶ የሆነው የታችኛው ክፍል ተነጥሎ የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባዶ ጋን ተሸክሞ መውጣት ከንቱ ድካም ነው።

የመጀመሪያ በረራ ለምን ያስፈራል?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ግመሉ ያልተገራ መሆኑ ምን ያህል ያሳስባል?

የሮኬት ክፍል ሁሉ አስቀድሞ መሬት ላይ ይሞከራል። ሞተሩ ከመቆሚያ ጋር ታስሮ ይነዳል፣ ጋኑ በግፊት ይፈተናል፣ አካሉም በማሽን ይናወጣል። ነገር ግን መሬት ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሞከር አይቻልም። በእውነተኛው በረራ ፍጥነቱ፣ የአየሩ ግፊት፣ የነዳጁ መናወጥ፣ የሙቀትና የብርዱ መፈራረቅ፣ የክፍሎቹ መነጣጠል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተደራርበው ይመጣሉ። ያን የሚያሳየው በረራው ራሱ ብቻ ነው።

ይህን ከራሳችን በላይ የሚመሰክር የለም። ለትምህርቱ ብለን የፊኛ ሮኬት ሠርተን ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሲባጎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይወጠራል፣ ባለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ያልፋል፣ የተነፋው ፊኛ ከቀፎው ጋር በፕላስተር ይለጠፋል፣ አፉ ሲለቀቅ ፊኛው በሲባጎው ላይ ይበርራል። ማታ ዶርም ውስጥ ስድስት ጊዜ ሞክረን ስድስቱንም ጊዜ በርሯል። በማግሥቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ሲሆን ፕላስተሩ በሙቀቱ ተላቀቀ፣ ሲባጎው ረገበ፣ ፊኛው እየተንጫጫ ዞሮ ዞሮ አንዲት ተማሪ ሻሽ ላይ አረፈ። ሲባጎው፣ ቀፎውና ፊኛው አንድ በአንድ ደህና ነበሩ። ያልሞከርነው ነገር ሁሉንም አብረው፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ርዝመት ነው። አስተማሪ ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች ይህን ማሰብ ነበረብን።

ትልልቆቹም እንዲህ ሆነዋል። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክን ያመጠቀው የሶቪየት ሮኬት፣ ከዚያ በፊት ግንቦት 7 ቀን 1949 ዓ.ም. ባደረገው የመጀመሪያ በረራ ወድቋል። ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚያስተምረው ግን የአሪያን 5 ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

አሪያን 5 የአውሮፓ አገሮች ያሠሩት ሮኬት ነው። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ካለው ከኩሩ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው፣ 40 ሴኮንድ ገደማ ላይ፣ መንገዱን ስቶ ዞረና ሰማይ ላይ ተበታተነ። የፀሐይና የመሬትን ግንኙነት እንዲያጠኑ ታስበው የተሠሩ አራት ሳተላይቶች አብረው ጠፉ።

ምክንያቱ ሲመረመር ሞተሩም ነዳጁም ደህና ነበር። ያጠፋው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። የሮኬቱን አቅጣጫ የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ፕሮግራም ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በአሪያን 4 ላይ ለብዙ ጊዜ ያለ እንከን ሠርቷል። ነገር ግን አሪያን 5 ይበልጥ ፈጣን ስለሆነ ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት በቁጥር ሲገለጽ ከቀድሞው በጣም በለጠ። ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ከ32,767 በላይ አይችልም ነበር። የማርክ መዝገባችን ላይ ለሁለት አኃዝ ብቻ የሚበቃ ሳጥን ውስጥ 100 ጻፉ ብንባል ምን እንደምንሆን አስቡት። እኛ ከመስመር አሳልፈን እንጽፋለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሥራውን አቆመ። «አንዱ ቢበላሽ» ተብሎ ሁለተኛ መጠባበቂያ ኮምፒዩተር ተገጥሞ ነበር። እሱም ያንኑ ፕሮግራም ስለያዘ ያንኑ ስህተት ሠርቶ ቆመ። ከአንድ ደብተር የገለበጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስህተት ቢሠሩ ምን ይገርማል!

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያን ስህተት የፈጠረው የፕሮግራሙ ክፍል አሪያን 5 ከተነሣ በኋላ አንዳች ጥቅም አልነበረውም። ከቀድሞው ጋር አብሮ ስለመጣ ብቻ እዚያ ነበር። እኛም ካለፉት ሠልጣኞች የተቀበልናቸው የትምህርት ዕቅዶች አሉን፤ ከነስህተታቸው፣ ከነማያስፈልገው ምዕራፋቸው እንገለብጣቸዋለን። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ያ የፊኛው ዕቅድም እንዲሁ የተገለበጠ ነበርና ነው።

የጠፉት አራት ሳተላይቶች እንደገና ተሠርተው በ1992 ዓ.ም. ምሕዋራቸው ላይ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ግን የተጫኑት ለብዙ ዘመን ሲሠራ በኖረው በሩሲያው ሶዩዝ ላይ ነበር። ልጁ ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር።

ታዲያ የእኛዋን ለምን ጫኑ?

ሎንግ ማርች 8 አዲስ ቢባልም ከባዶ የተጀመረ አልነበረም። የታችኛው ክፍል ከሎንግ ማርች 7፣ የላይኛው ደግሞ ከሎንግ ማርች 3ኤ የመጣ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ቀድሞ ሕዋን ያውቁታል፤ አዲሱ ነገር መጋጠማቸው ነው። ይህ የሚያጽናና ይመስላል፤ የአሪያን 5ን ታሪክ ላነበበ ሰው ግን ማጽናኛው ሙሉ አይደለም። ከዚህም ሌላ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሎንግ ማርች 7ኤ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን አድርጎ ከሽፎ ነበር። የእኛዋ የተጫነችው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ አደጋው በቃል ብቻ የሚነገር ሳይሆን እውነተኛ ነበር።

በዓለም ላይ ያለውን ልማድ ስናይ ሰዎች በመጀመሪያ በረራ ላይ የሚጭኑት ቢጠፋ የማይጎዳቸውን ነገር ነው። አንዳንዱ ብረትና ሲሚንቶ ይጭናል። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ፋልከን ሄቪ የተባለውን ትልቅ ሮኬቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሣ የባለቤቱን የቤት መኪና ነበር የጫነው። ከአሪያን 5 ውድቀት የተማሩት አውሮፓውያንም ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አሪያን 6 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ውድ ሳተላይት አልጫኑም፤ ትናንሽ ሳተላይቶችና የሙከራ መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። እነዚያ ትናንሽ ሳተላይቶች ምሕዋር ላይ ከዋሉ በኋላ ነው የላይኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ችግር የገጠመው።

እንግዲህ የሁለቱን የኢትዮጵያ ሳተላይቶች ጉዞ ጎን ለጎን ስናስቀምጠው፣ 70 ኪሎዋ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባት፣ አገሩ ሁሉ የጠበቃት የመጀመሪያዋ የሄደችው በተገራው ሮኬት ነው። 8.9 ኪሎዋ ትንሿ ደግሞ በአዲሱ። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ የወሰኑትን ሰዎች አላነጋገርንም። ነገር ግን አንድ ትንሽ ሳተላይት ለብቻዋ ሮኬት ማስነሣት ስለማትችል የትልቅ ጭነት ጥግ ላይ ተጠግታ መሄድ አለባት፤ ቦታ የሚገኘውም ሌላው በሚፈራበት ሮኬት ላይ ነው። ብትጠፋ የሚያሳዝን ነበር፤ አገርን ግን የሚጎዳ አልነበረም። ከቡድናችን አንዱ እስካሁን በዚህ አይስማማም። «ትንሽ ናት ብላችሁ ትንቋታላችሁ፤ የሠሩባት ሰዎች ድካም ግን በኪሎ አይመዘንም» ይላል። ሐሳቡን ሳንጽፈው ማለፍ አልፈለግንም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደዚያው ክፍል ተመልሰን ለልጁ አስረዳነው። ረጅም አድርገን ነበር ያዘጋጀነው። እሱ ግን ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፤ በትልቁ ግመል ትልቁን፣ በጥጃው ድስቱን» ብሎ ቁጭ አለ። ከእኛ ማብራሪያ የእሱ ሳይሻል አይቀርም።

ከላይ ሆነው ምን ያዩ ነበር?

አንዳንድ ተማሪዎች ሳተላይት ሰውን ለይታ ታያለች ብለው ያምናሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ካሜራ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር ይሸፍን ነበር። ስናባዛው 188 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዳቦይታ አንዱን ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ግመሉማ ከነአካቴው የለም። ነገር ግን አዋሽ ሞልቶ የሸፈነው ሜዳ፣ በመልካ ወረር በኩል ያለው የመስኖ እርሻ፣ የተንዳሆ ሸንኮራ አገዳ፣ ፕሮሶፒስ ግጦሹን እየበላ የሄደበት ምድር በዚህ ልክ ይታያል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ይህን ሁሉ ርቀት በእግሩ ሄዶ የሚከታተል ሰው አይገኝም።

ፍጥነቱን ለማስረዳት ደግሞ የራሳችንን መንገድ ተጠቀምን። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ በቀጥታ መስመር 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅብን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ማደር አለ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት በሴኮንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ መሬት ላይ የምትሸፍነው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 325ን ለ7 ስናካፍል 46 ሴኮንድ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ስለሚዞሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ። ከሰመራ ወደ አዋሽ የሚሄደውም መስመር እንዲሁ ነው፤ በሰመራ በኩል ገብተው በአዋሽ በኩል ይወጣሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳናጋንን። የምድር መንቀጥቀጥን ነገር ስናነሣ የእኛ ሳተላይቶች ካሜራ ብዙ የሚረዳ አልነበረም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲሰነጠቅና እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ልኩን የለካው የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን መካከል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ሲፈናቀሉ፣ ቅልጥ ዐለቱ ከሥር ወዴት እንደሚሄድ ያሳየው አሁንም ራዳር ነበር። ራዳር ራሱ ሞገድ ልኮ መልሱን ይቀበላል፤ ደመናና ጨለማ አያግደውም። ካሜራ ግን የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል። ከተፈናቀሉት መካከል የእኛ ሠልጣኞች ቤተሰቦችም ስላሉ፣ ተማሪ «ሳተላይታችን ለምን አልነገረችንም?» ቢል የምንመልሰው ይህንን ነው።

ፊኛውን መሞከር ለምትፈልጉ፦ ሲባጎው ከ5 ሜትር አይብለጥ፤ በፕላስተር ፈንታ ላስቲክ ተጠቀሙ፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ሞክሩት። በስሌታችን ላይ ስህተት ያገኘ ከግርጌ በተተወው ባዶ ቦታ በእርሳስ ይጻፍልን። አንድ ጥያቄም እዚያው እንተውላችሁ፦ ሮኬቱ ነዳጁን እያቃጠለ ሄዶ ክብደቱ 300 ቶን ሲደርስ፣ ግፊቱም 480 ቶን እንደሆነ ቢቆይ፣ በየሴኮንዱ ፍጥነቱ በስንት ይጨምራል?